በጾም አገር፣ ተምር በኪሴ

ጥር 27

ከግራና የመጣው አይሱዙ ፍሪሲዮን ዛሬም አላለቀ። ባለቤቱ ደጋግሞ ደወለ። "ነገ" አልኩት። የመካኒክ ነገ መቼ እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ከሰዓት ግን አንድ ነገር ሆነ። ሸሪኬ ኡበይደላ ይጠራኛል፣ እኔ አልመልስም። መፍቻ በእጄ፣ አፌ ተከፍቶ፣ ግድግዳው ላይ አፍጥጬ። ይሄን ሁሉ እሱ ነው የነገረኝ። እኔ የማስታውሰው ስኳር የበዛበት ሻዩ አገጬ ላይ ሲወርድ ነው። "ምን ታረጥበኛለህ?" ብዬ ጮህኩበት። ኩባያውን እንደያዘ ነው። "ወላሂ ልዑሌ፣ የሄድክ መስሎኝ!" ጋራዡን በጋራ ስንይዝ እሱ ኤሌክትሪኩን፣ እኔ ሞተሩን ተባብለን ነበር። እኔን ማስነሳትም በሱ በኩል ነው እንግዲህ።

የሚገርመኝ... ምንም አልተሰማኝም። ድሮ ስኳሬ ሲወርድ አውቅ ነበር። ያልበኛል፣ ጉልበቴ ይከዳኛል፣ ሮጬ ከረሜላ እጎርሳለሁ። ከጎረምሳነቴ ጀምሮ ኢንሱሊን ስወጋ እንዲህ ነው የኖርኩት። ዛሬ ግን ምንም። ለምን?

ለምሕረት አልነገርኳትም። ሚስት አንዴ ከፈራች ሰላም የለም።

ጥር 30

ወልድያ ሄጄ መጣሁ። ምሕረት ሰምታለች፤ የኡበይደላ አፍ መቼ ያርፋል። ሄድኩ ከምል እየጎተተች ወሰደችኝ ብል ይሻላል።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ግን ነገሩን አፍረጥርጣ ነገረችኝ። ስኳር ብዙ ዓመት ሲወጣና ሲወርድበት የኖረ ሰውነት ማስጠንቀቅ ይተዋል አለች። ወርዶም አይታወቅህም። ብቻህን መኪና ሥር እንዳትገባ። ሳትለካ እንዳትነዳ።

"ታዲያ ምን ልሥራ? ሽንኩርት ልላጥ?"

"እሱንም ሳትለካ አትጀምር፣ ቢላ አለው" አለች። ወደድኳት።

ክንድ ላይ የምትለጠፍ መለኪያ አለች አለችኝ። ቀን ከሌት ትለካለች፣ ሲወርድ ስልክህ ይጮሃል። እዚህ እንደ ልብ አትገኝም፣ ውጭ ዘመድ አለህ ወይ? እህቴ ኤደን ዱባይ ናት። ሁሌ እሷን ማስቸገር... ምን ይደረግ።

የካቲት 6

መጣች! ኤደን በሰው ልካት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ሳንቲም የምታህል ነጭ ነገር ናት። ምሕረት ክንዴ ላይ ደገነችና ዓይኗን ጨፍና ተጫነችው። ቀጭ! "አመመህ?" ትላለች፣ አሁንም ዓይኗን አልገለጠችም። የወባ ትንኝ እንኳ ከሷ ትብሳለች።

ከዚያ ስልኩን ከበን ቁጭ። ሥራ እስክትጀምር ጠብቁ ትላለች። ጠበቅን። 143! አጠገቡ ቀስት፣ ወደ ጎን የተጋደመ። አልወጣም፣ አልወረደም ማለት ነው። ትንሽ ቆየችና 146። ጣቴን ሳልወጋ! ምንም ሳልነካ! መኪና ሁሉ ጌጅ አለው፣ እኔ ግን ይሄን ሁሉ ዘመን ያለ ጌጅ ስነዳ ኖርኩ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ለምሕረት ጭስ ነው አልኳት። ምን ጭስ አለ ቤት ውስጥ?

"ጣውንት አመጣህብኝ" አለች ማታ። "ከኔ ይልቅ እሷን ነው የምታይ።" እውነቷን ነው። ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

የካቲት 8

በሶ! በሶ ጉድ ሠራኝ። "ለስኳር ፍቱን ነው" የማይል ሰው የለም። መርሳ ከተማ ውስጥ የበሶ ሐኪም ያልሆነ ማን አለ? ጠዋት በጥብጬ ጠጣሁ፣ ቀስቷ ሽቅብ ቆመች። 180... 230... 290 ሊሞላ። ይሄን ሁሉ ዓመት መድኃኒት ነው ብዬ ስግጥ!

ማታ የማሽላ እንጀራ በጎመን፣ ትንሽ። ቀስ ብላ ወጣች፣ ቀስ ብላ ወረደች። ማንጎም ግማሹ ምንም አይል። ሙሉውን ስሞክር የሆነውን አልጽፍም።

ለኡበይደላ መስመሩን ሳሳየው ሲስቅ ቆየ። "ሆድህን በቴሌቪዥን አየኸው በለኛ!" ጨዋታው እንዳለ ሆኖ፣ እሱም ዓይኑን አልነቀለም። የሽቦ ሰው ስለሆነ ነው መሰል፣ እንዴት እንደምትሠራ ካላወቀ እንቅልፍ አይወስደውም።

የካቲት 9

ሁዳዴ ገባ። የንስሐ አባቴ ሥጋውንና ወተቱን ጹም፣ ሰዓቱን ግን ተው ብለውኛል። "ስኳርህ ወርዶ እያየህ ካልበላህ ጾም አይባልም፣ ራስን መግደል ነው" አሉ። ገብቶኛል። ግን ሰው ሁሉ እስከ ዘጠኝ አፉን ይዞ ሲውል እኔ ማላመጥ?

የካቲት 11

ረመዳንም ገባ። እንግዲህ መርሳ ሙሉዋን ጾማለች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም። ከኔ በቀር።

ክንዴ ላይ ያለችው ደግሞ ይሉኝታ የሚባል አታውቅ። ረፋድ ላይ ሾፌሮቹ በተሰበሰቡበት ስልኬ እሪ አለ። 68፣ ቀስቷ ቁልቁል። ተምር ኪሴ ውስጥ አለ። ግን እንዴት ይበላል? ሼህ ኑርሁሴን ራሳቸው በሩ ላይ ቆመዋል። የቅሬያችን፣ የእድራችን አባት፣ ሰው ሲሞት ማን እንደሚቆፍር፣ ማን እንደሚሸከም የሚያዙን። እሳቸው ፊት? አይሱዙው ሥር ተንሸራትቼ ገባሁና ተጋድሜ በላሁ። ፍሬውን የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ጣልኩት።

"ምንድነው የሚጮኸው?" ሲሉ ሰማሁ።

ኡበይደላ፦ "ሚስቱ ናት ሼህ፣ ስትቆጣው ነው።"

አወይ ኡበይደላ! በረመዳን ውሸት! በኋላ ስጠይቀው "ለነፍስ ነው፣ አላህ ያውቅልኛል" አለ።

እዚህ ስኳር እንዳለብኝ የሚያውቁት ምሕረት፣ የንስሐ አባቴና ኡበይደላ ብቻ ናቸው። ሰው ካወቀ "እሱ በሽተኛ ነው፣ ይቀመጥ" ይላል። መቀመጥ አልችልበትም። አባቴም ተቀምጦ አያውቅ።

የካቲት 14

ዋሸችኝ። ማለቴ፣ ዋሸችኝ ብዬ ነበር።

መኪና ሥር ካርቶን አንጥፌ በግራ ጎኔ ተኝቼ ስፈታ 61 ብላ ጮኸች። ተምር በተምር ላይ ጎረስኩ። ወዲያው ተመለሰችና ሽቅብ፣ ሽቅብ፣ 240። በጣቴም ለካሁ፣ ያው ነው። ለካስ ክንዴን ተጭኜ ስተኛባት ያልወረደውን ወረደ ትላለች። ኤደን ናት የነገረችኝ፣ ከወረቀቱ አንብባ። "ስትጠራጠር በጣትህ አረጋግጥ" አለች። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እላይዋ ላይ ተኝቼ እሷ ምን ታድርግ?

ግን አንዴ ከዋሸች... ሰው እንዲህ ነው እንግዲህ፣ መቶ ጊዜ እውነት ተናግራ አንዷን ነው የያዝኩባት።

የካቲት 20

ትናንት ሞቼ ነበር። ልጻፈው።

የሰፈራችን እትዬ ደብሪቱ አረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ቅሬው ተጠራ፣ ዶማና አካፋ ይዘን ወጣን። እስላሙም ክርስቲያኑም። የኛ ቅሬ እንዲህ ነው፣ ሟች የማን ወገን ነው አይባልም። በዚያ ፀሐይ፣ ውሃ በአፋቸው ሳይዞር፣ እስላሞቹ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሲቆፍሩ አየኋቸው። የኡበይደላ ከንፈር ደርቆ ነጭ ሆኗል። ሬሳ ሳይቀበር ደግሞ እህል የሚቀምስ የለም። እነሱ ለኛ ሰው እንዲህ ሲሆኑ እኔ መሃላቸው ቆሜ ተምር ላላምጥ? ስልኬስ ቢጮህ? ደግሞ ባለፈው ዋሽታኝ የለ?... ሰበብ አላጣሁም። ስልኩን አጠፋሁት። ከነተምሩ ጃኬቴ ውስጥ ከትቼ ዛፍ ላይ ሰቀልኩት።

ጠዋት እንደ ልማዴ ኢንሱሊኔን ተወግቻለሁ። ተራዬ ደረሰና ጉድጓድ ገባሁ። መሬቱ ድንጋያም ነው። ቆፈርኩ። ቆፈርኩ... ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው የነገረኝ ነው። ዶማውን ለቅቄ ዝርግፍ። የሰው መቃብር ውስጥ! ሕዝቡ ተንጫጫ። ኡበይደላ ዘሎ ገባ። ከኪሱ ተምር አወጣ፣ ፍሬውን በጥርሱ ፈልቅቆ ጣለ፣ አላምጦ አድቅቆ አፌ ውስጥ ከተተ። "ዋጥ! ዋጥ ብዬሃለሁ!" ጉንጬን ይመታኛል። እሱን አስታውሳለሁ። ጣፈጠኝ። ከላዬ ሰማይና ብዙ ፊት።

ቤት ገብቼ ስልኩን ስከፍት ምን ባይ ጥሩ ነው? ስልኩን ባጠፋውም እሷ መለካቷን አላቆመችም። ያለፈውን ሁሉ መስመር ሞላችው። ቁልቁል፣ ቁልቁል፣ 41። እየነገረችኝ ነበር። ሰሚ አጥታ ነው። ስንቴ ይቅርታ እንዳልኳት... አዎ፣ ለሳንቲም ይቅርታ ጠየቅሁ።

ኡበይደላን ደግሞ ቆይቼ ነው የጠየቅሁት። አንተ ጾመኛ፣ ተምር ኪስህ ውስጥ ምን ይሠራል?

"ረመዳን ከገባ ጀምሮ ይዣለሁ። አንተ ረስተህ ብትመጣስ?"

ቀኑን ሙሉ። በርሃብ፣ በጥም፣ እጁን ኪሱ በከተተ ቁጥር ተምር እየነካ። ለኔ! ወይ ሰው መሆን! እንዲህ ያለ ሰው ከጎኔ ይዤ ነው ከሰው የምደበቀው።

"ጾምህስ? አላምጠሃል እኮ" አልኩት።

"አልዋጥኩም፣ እንትፍ ብያለሁ። ተበላሽቶም ከሆነ ሌላ ቀን እጾመዋለሁ። አንተን ግን ሌላ ቀን ከየት አመጣሃለሁ?"

የካቲት 21

ሼህ ኑርሁሴን መጡ። "ይግቡ አባባ" ብዬ ልነሣ ስል "ተኛ፣ አትነሣ" አሉ። ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ያንከባልላሉ።

"ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከጎረምሳነቴ ነው አባባ።"

"ስንት ሬሳ አብረን ስንቀብር ዝም አልክ?"

"አፍሬ ነው። አንቱ ውሃ ሳይቀምሱ እኔ..."

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። እኔን የከፋኝ ግን እሱ አይደለም። ሰው ሕመሙ አስገድዶት ሲጎርስ የምንቆጣ ሰዎች መሰልንህ? አንተ በሽታህን አልደበቅህም፣ እኛን ነው የናቅኸን።"

አለቀስኩ። እሳቸው ፊት፣ እንደ ሕፃን።

ሲወጡ ክንዴን አዩ። "ይቺ ናት? እኔ እኮ ክታብ መስላኝ ነበር።" ቁጥሩን አሳየኋቸው። 131። ቀስቷ ምን እንደምትል አስረዳኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ መልሰው አድርገው አዩት። "ሱብሃነላህ! ደም ሳይፈስ? የሰውን ልጅ ይሄን ያሳወቀ ጌታ ጥራት ይገባው!" ቁጣቸውን ረስተው ደጋግመው ጠየቁኝ። ማንጎ ስትበላስ? ስትተኛስ? ስትናደድስ? ስናደድ እንደምትወጣ ስነግራቸው ሳቁ።

የካቲት 24

ቅሬው ተሰብስቦ ፈረደልኝ። ፈረደብኝ ልበል? ልዑል ከእንግዲህ አካፋ አይያዝ። ቃሬዛ አይሸከም። ድንኳን ይጠብቅ፣ ወንበር ይደርድር።

አዝነውልኝ ነው፣ አውቃለሁ። የፈራሁት ግን ይሄንኑ ነበር። ድንኳን የሚጠብቁት ወገባቸው ያለቀ ሽማግሌዎች ናቸው። አባቴን ሲቀብሩልኝ ድንጋይ የፈነቀሉልኝን ሰዎች እኔ በምን ልከፍላቸው? በወንበር? ከሰው ተራ ወጣህ ማለት እኮ ነው። በቁሜ ቀበሩኝ።

"ነፍስህ ተርፋ ስለ አካፋ ታለቅሳለህ?" ትላለች ምሕረት። አልገባትም። ግን ቆይታ መጣችና ጀርባዬን አሸችኝ። ገብቷታል።

የካቲት 26

ወልድያ፣ ሐኪሟ ጋ። የ41ዱን መስመር አይታ ፊቷ ተለወጠ። አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከባድ ሥራ ባለበት ቀን የጠዋቱን መርፌ ስንት እንደምቀንስ ነገረችኝ። ሳልቆፍር በፊት ልብላ፣ ስቆፍር ልይ፣ ቀስቷ ቁልቁል ካለች ሳትጮህ ልጉረስ።

"መቆፈር እችላለሁ ማለት ነው?"

"እሷን ካልደበቅሃት፣ አዎ።"

የካቲት 28

ጋራዥ ውስጥ ጮኸች። 69። ሾፌሮቹ ሁሉ ዘወር አሉ። መኪና ሥር አልገባሁም። ቆሜ ተምሬን አወጣሁ። "ስኳር አለብኝ፣ ሲወርድ እበላለሁ" አልኩ። ሰማዩ ግን አልተደፋም። አንዱ "ብላ እንጂ፣ ማን ያዘህ?" ብሎ ወደ ወሬው ተመለሰ። ይሄን ያህል ዓመት የፈራሁት ይቺን ነው?

አንድ የውርጌሳ ሾፌር ሌሎቹ እስኪሄዱ ቆየ። "እኔም አለብኝ" አለ ቀስ ብሎ። ክንዴን አየ፣ አየ። ወንበር ሰጠሁት።

መጋቢት 3

ቁጥሬ አሁን ኡበይደላ ስልክ ላይም ይታያል። ኤደን በስልክ እየመራችን ነው ያስተካከልነው። ዛሬ ወደ ሐራ ዕቃ ላመጣ ስሄድ መንገድ ላይ ደወለ።

"ልዑሌ፣ ቁልቁል ናት። አቁምና ብላ።"

የኔው ስልክ ገና አልጮኸም! እሱ መርሳ ሽቦ ሲበጣጥስ ተቀምጦ ደሜን ያየዋል። አቆምኩ፣ በላሁ፣ ብቻዬን ሳቅሁ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይሉ የለ። ይቺን የሠራት ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፣ የትም ይሁን፣ እናቱ ትባረክ።

መጋቢት 11

ኢድ። ኡበይደላ ቤት ዋልን። ለእኔና ለምሕረት የጾም ለብቻው ተሰናድቶልናል፣ ድስቱም ማንኪያውም ሳይነካካ። ሚስቱ "ብሉ በሞቴ" ስትለኝ እሱ ስልኩን አውጥቶ አየና "ተይው፣ 190 ገብቷል" አለ። ምሕረት በሳቅ ፈረሰች። ጣውንቶቼ ሁለት ሆኑ ትላለች።

መጋቢት 19

የዙልፋ ባል ሞተ። መንገድ ዳር ፍራፍሬ የምትሸጠዋ ዙልፋ። ሳቂታ ሰው ነበር፣ አላህ ይማረው።

ገና ሲነገረኝ መርፌዬን ቀነስኩ፣ ቁርሴን በላሁ። ድንኳን ገብቼ ወንበር ደረደርኩ። ሰዎቹ ዶማ ተሸክመው ሲያልፉ አየሁ። ሽማግሌዎቹ "ና ተቀመጥ" ይሉኛል። አላስቻለኝም። ተነሥቼ ተከተልኩ።

ሼህ ኑርሁሴን መቃብሩ አፍ ላይ ቆመዋል። "ልዑል፣ ምን ተባብለን ነበር?"

"አባባ፣ ያን ቀን የወደቅሁት ስኳር ስላለብኝ አይደለም። ስለደበቅሁ ነው። ዛሬ አልደብቅም።" ስልኬን ከፍቼ እጃቸው ላይ አኖርኩት። "አንቱ ይያዙልኝ። ከጮኸ ያስወጡኝ።"

ስልኩን አዩት። እኔን አዩኝ።

"መቶ ሠላሳ። ቀስቷ ተጋድማለች" አሉ። "ግባ።"

ገባሁ። ኡበይደላ ሲፈነቅል እኔ ስዝቅ፣ ላቤ ጀርባዬን ሲያርሰው... እንዴት ደስ አለኝ! በሰው ሐዘን ደስ ይላል? ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ እጃቸው ላይ እሪ አለች። "ላኢላሃ ኢለላህ!" ስልኩን ሊጥሉት ምንም አልቀራቸው። "ውጣ! ቶሎ ውጣ!"

አካፋውን ለኡበይደላ ሰጥቼ ወጣሁ። አፈሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ሬሳው ሳይቀበር፣ በሁዳዴ ተምር በላሁ። ማንም ፊቱን አላጠቆረብኝም። እኔም አላቀረቀርኩም።

ቁፋሮው ቀጠለ። ሌላው ተራውን ገባ፣ ወጣ። ሼሁ ዓይናቸውን ከስልኩ አላነሡም፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ይቆጥራሉ ወይስ ዱዓ ያደርጋሉ? አልጠየቅሁም። ጉድጓዱ እየጠለቀ ነው። በቃ፣ ያለኔ ሊያልቅ ነው አልኩ። ድካሜን ዛሬም አሳየኋቸው፣ በዓይናቸው አዩ፣ ከእንግዲህ ወዲያ ወንበር ነው። ተነሥቼ ሱሪዬን አራገፍኩ።

"የት ነው?" አሉ ሼሁ።

"ወደ ድንኳን ልሂድ ብዬ..."

ስልኩን አዙረው አሳዩኝ። 104፣ ቀስቷ ሽቅብ ዘንበል ብላለች። ከዚያ አካፋውን ከኡበይደላ እጅ ተቀብለው ዘረጉልኝ።

"ተራህ ነው" አሉ።